በድንበር ወንዞች ላይ የመጓጓዝ መብት፦ ከባሮ እስከ ሄግ

በሁለት አገሮች መካከል በሚፈስ ወንዝ ላይ ጀልባና መርከብ የማንቀሳቀስ መብት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ መንግሥታትን ሲያከራክር ቆይቷል። ጥያቄው በስምምነት የተፈታበት ጊዜ አለ፤ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ብይን ያገኘበት አለ፤ ለጦርነት ምክንያት ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ የሆነበትም አለ። ኢትዮጵያም በባሮ ወንዝ በኩል የዚህ ታሪክ ተካፋይ ናት። ይህ ጽሑፍ የክርክሩን ሕጋዊ መሠረት፣ የባሮንና የጋምቤላን ጉዳይ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተሰጡ ውሳኔዎችንና ለመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች የሚኖራቸውን ትምህርት በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ወንዝ ሁሉ ድንበር፣ ድንበር ሁሉ መጓጓዣ አይደለም

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ለሆነችው ግንደወይንም ሆነ በአቅራቢያዋ ለሚገኙት ለሞጣና ለቢቸና ነዋሪዎች አባይ የታወቀ ወሰን ነው። ወንዙ ምሥራቅ ጎጃምን ከደቡብ ጎንደርና ከደቡብ ወሎ ዞኖች ይለያል። ሕዝቡ ግን ወንዙን የሚያውቀው በመሻገሪያነቱ እንጂ በመጓጓዣነቱ አይደለም። ከሞጣ በኩል ወደ ደቡብ ጎንደር የሚያሻግረውና በተለምዶ «ሰባራ ድልድይ» እየተባለ የሚጠራው ጥንታዊ ድልድይም ለዚሁ ምስክር ነው።

ለዚህ ምክንያቱ የአባይ ሸለቆ አቀማመጥ ነው። ወንዙ ከጣና ከወጣ በኋላ በጥልቅ ገደል ውስጥ፣ በፏፏቴና በድንጋያማ ወራጅ እየተቆራረጠ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ማክሚላን በጀልባ ሊወርድበት ሞክሮ አልተሳካለትም። እ.ኤ.አ. በ1968 በብሪታኒያዊው የጦር መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ ትልቅ የአሰሳ ቡድን በወንዙ ላይ ጉዞ አድርጓል። ወንዙን ከምንጩ አካባቢ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ሙሉ በሙሉ በጀልባ መውረድ የተቻለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እነዚህ የአሳሾች ጉዞዎች ናቸው፤ ነጋዴ ዕቃ ጭኖ፣ መንገደኛም ዋጋ ከፍሎ የሚመላለስበት መስመር አልነበረም።

በሕግ ዓይን ይህ ልዩነት መሠረታዊ ነው። የመጓጓዝ መብት ክርክር የሚነሳው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛው ወንዙ በተፈጥሮው ለንግድ መጓጓዣ የሚያገለግል መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ አገሮችን የሚለይ ወይም የሚያቋርጥ መሆኑ ነው። አባይ በምሥራቅ ጎጃም የሚለያቸው ዞኖች በአንድ አገር ውስጥ ያሉ በመሆናቸው የዓለም አቀፍ ሕግ ጥያቄ አያስነሱም። ጣና ሐይቅም ከደንገል ታንኳ እስከ ሞተር ጀልባ የሚመላለስበት ቢሆንም፣ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ስለሚገኝ በላዩ ላይ የሚደረገው ጉዞ በአገሪቱ ሕግ ብቻ የሚመራ ነው። ሁለቱም መመዘኛዎች የሚሟሉበት ኢትዮጵያዊ ወንዝ ባሮ ነው።

ባሮና የ1894 ዓ.ም ስምምነት

ባሮ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ተነስቶ በጋምቤላ ሜዳ በኩል ወደ ምዕራብ ይፈሳል። ከጂካዎ በታች ባለው ክፍሉ በኢትዮጵያና በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን መካከል ድንበር ይሆናል። ቀጥሎም ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት የተባለውን ወንዝ ይፈጥራል፤ ሶባትም በማላካል አካባቢ ወደ ነጭ አባይ ይገባል። በዚህም መሠረት አንዱ ወንዝ በላይኛው ክፍሉ የአገር ውስጥ፣ በመካከሉ የድንበር፣ ከዚያ በታች ደግሞ የጎረቤት አገር ወንዝ ነው ማለት ነው። በክረምት ወራትና ውኃው እስኪጎድል ድረስ ባሉት ጥቂት ወራት እስከ ጋምቤላ ከተማ ድረስ መርከብ ያስወጣል።

የአካባቢው ድንበር የተወሰነው ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የብሪታኒያ መንግሥት ተወካይ የነበሩት ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902) አዲስ አበባ ላይ በተፈራረሙት ስምምነት ነው። ስምምነቱ አምስት አንቀጾች ብቻ አሉት። አንቀጽ 1 እና 2 ስለ ድንበሩና ስለ ምልክት አተካከሉ፣ አንቀጽ 3 ስለ ጥቁር አባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውኃ፣ አንቀጽ 4 በባሮ ወንዝ ላይ ስለሚቋቋም የንግድ ጣቢያ፣ አንቀጽ 5 ደግሞ ሱዳንን ከኡጋንዳ ስለሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ይደነግጋሉ።

በአንቀጽ 4 መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ወንዝ ዳር፣ በወንዙ በኩል ያለው ርዝመት ከ2 ሺህ ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቅደዋል። ከዚህ ጋር ሦስት ገደቦች ተቀምጠዋል። መሬቱ የንግድ ጣቢያ ሆኖ ብቻ እንዲያገለግል፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ዓላማ እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና የሚሉ ናቸው።

ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው ከኢታንግ በላይ በሚገኘው በጋምቤላ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሱዳን መንግሥት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በነጭ አባይ፣ በሶባትና በባሮ አድርገው ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዙ በየክረምቱ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ከጎሬ፣ ከሰዮና ከአካባቢያቸው በጭነት እንስሳትና በሸክም የሚወርደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ በዚህ መስመር ይወጣ ነበር። በምላሹም ጨርቃ ጨርቅ፣ ጨውና ሌሎች ሸቀጦች ይገቡ ነበር። ከጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ርቆት ለነበረው ለምዕራብ ኢትዮጵያ ጋምቤላ የውጭ ንግድ በር ሆና አገልግላለች።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ሕጋዊ ነጥብ አለ። ስምምነቱ ስለ ጣቢያው መሬት እንጂ ስለ መርከብ ጉዞው በግልጽ የደነገገው ነገር የለም። መርከቦቹ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ባለው የባሮ ክፍል የማለፍ መብት ያገኙት ጣቢያውን ከመፍቀድ በተዘዋዋሪ የሚመነጭ ተደርጎ ተወስዶ ነው። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ጀልባዎችና ነጋዴዎች በሶባትና በነጭ አባይ ላይ በእኩልነት የመጓጓዝ መብት እንዳላቸው የሚያረጋግጥ አንቀጽ በስምምነቱ ውስጥ አልተካተተም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የዘለቀው የወንዝ ንግድ የተካሄደው በአንድ ወገን መርከቦችና ባልተጻፈ አሠራር ላይ ተመሥርቶ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ሐረግ ያስመለሰው መሬት

ጋምቤላ በጣሊያን ወረራ ዘመን በጣሊያን ጦር እጅ ከገባች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ ጦር ተይዛ እንደገና በሱዳን በኩል ስትተዳደር ቆይታለች። የኪራዩን ዘመን የቋጨው ግን ጦርነት ሳይሆን ስምምነቱ ራሱ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1956 ነፃነቷን ስታውጅ የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አስተዳደር አበቃ። «በጥምር አስተዳደሩ ሥር እስካለች ድረስ» በሚለው ሐረግ የታሰረው ኪራይም አብሮ አበቃ። በዚሁ ዓመት በጥቅምት ወር ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመልሳ ተረክባለች።

ይህ ክስተት ለሕግ ባለሙያዎች ትልቅ ምሳሌ ነው። በስምምነቱ ላይ የጊዜ ገደቡ ባይጻፍ ኖሮ ነፃ የወጣችው ሱዳን የቀድሞውን አስተዳደር መብት ወርሻለሁ ብላ ልትከራከር ትችል ነበር። በአፍሪካ ልዩ ልዩ ክፍሎች ከቅኝ ግዛት ዘመን የተረፉ የጣቢያና የወደብ ይዞታዎች ለረጅም ጊዜ ሲያወዛግቡ፣ ጋምቤላ ያለ ፍርድ ቤትና ያለ ግጭት የተመለሰችው በአንቀጹ ጥራት ምክንያት ነው።

ድንበሩ ግን በኪራዩ ማብቃት አልተነካም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1964 ካይሮ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ አባል አገሮች በነፃነት ጊዜ የተረከቧቸውን ድንበሮች እንዲያከብሩ ተስማምተዋል። ኢትዮጵያና ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ1972 በማስታወሻ ልውውጥ የድንበራቸውን ጉዳይ በሚመለከት ተስማምተዋል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነፃ አገር ስትሆን በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች ላይ ያለው ድንበር የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን ድንበር ሆኗል። የአገሮችን መተካካት የሚመለከተው የ1978ቱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 11ም አዲስ አገር መፈጠሩ ብቻውን በስምምነት የተወሰነን ድንበር እንደማይለውጥ ይደነግጋል።

የመጓጓዝ ነፃነት ሕግ አመጣጥ

በዓለም አቀፍ ደረጃ የወንዝ ጉዞ ነፃነት ሕግ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው እ.ኤ.አ. በ1815 የተካሄደው የቪየና ጉባኤ ነው። ጉባኤው በራይን ወንዝ ላይ የንግድ ጉዞ ነፃ እንዲሆን ወስኖ እስከ ዛሬ የሚሠራ ማዕከላዊ ኮሚሽን አቋቁሟል። እ.ኤ.አ. በ1856 በፓሪስ ስምምነት ተመሳሳይ ሥርዓት በዳኑብ ላይ ተዘረጋ። ዛሬ በዳኑብ ላይ የሚሠራው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1948 ቤልግሬድ ላይ በተፈረመው ስምምነት ላይ የቆመ ነው።

በአፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1885 የወጣው የበርሊን ጉባኤ ሰነድ በኮንጎና በኒጀር ወንዞች ላይ የሚደረግ ጉዞ ለሁሉም አገሮች መርከቦች ክፍት እንዲሆን ደነገገ። ሰነዱ የአውሮፓውያንን ንግድ ለማመቻቸት የወጣና አፍሪካውያን ያልተወከሉበት ነበር። የአባይ ተፋሰስ በዚህ ሰነድ ውስጥ አልተካተተም። በመሆኑም በአባይና በገባሮቹ ላይ የሚደረግ ጉዞ እስከ ዛሬ የሚመራው በተናጠል ስምምነቶችና በየአገሩ ሕግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1921 በባርሴሎና የወጣው ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ባላቸው የውኃ መስመሮች ላይ ለአባል አገሮች መርከቦች የጉዞ ነፃነትን ቢሰጥም ያጸደቁት አገሮች ብዛት ውስን ነው። የዓለም አቀፍ ሕግ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣቸው የሄልሲንኪ ደንቦች ደግሞ የተፋሰስ አገር ሁሉ በወንዙ ሙሉ ርዝመት የመጓጓዝ መብት አለው የሚል አቋም ወስደዋል። ይሁንና ደንቦቹ የባለሙያዎች ሰነድ እንጂ በራሳቸው አስገዳጅ አይደሉም። ስለሆነም አንድ አገር በጎረቤቱ ግዛት ውስጥ ባለው የወንዝ ክፍል የመጓጓዝ መብት አለኝ ለማለት በአብዛኛው የተጻፈ ስምምነት ወይም ለረጅም ጊዜ የጸና ልማድ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ፍርድ ቤቶች ምን ወሰኑ?

የመጀመሪያው ታላቅ ውሳኔ የኦደር ወንዝ ጉዳይ ነው። ፖላንድ የኦደር ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ሥልጣን በግዛቷ ውስጥ ባሉት ገባር ወንዞች ላይ ሊደርስ አይገባም ስትል ተከራከረች። የዓለም አቀፍ ፍትሕ ቋሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1929 በሰጠው ውሳኔ የፖላንድን ክርክር አልተቀበለም። ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው ምክንያት ከውሳኔው ይበልጥ ዘለቄታ አግኝቷል። ይኸውም ለመጓጓዣ የሚሆን ወንዝ የተፋሰሱ አገሮች የጋራ ጥቅም ማኅበር መሠረት እንደሆነና፣ የዚህ ማኅበር ዋና ባሕርይም ሁሉም የተፋሰሱ አገሮች በወንዙ አጠቃቀም ፍጹም እኩል መሆናቸው ነው የሚል ነው።

ሁለተኛው የሻት አል አረብ ጉዳይ ነው። ኢራንና ኢራቅን በሚለየው በዚህ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1937 የተፈረመው ስምምነት ድንበሩን በአብዛኛው በኢራን በኩል ባለው ዳርቻ ላይ በማድረግ መተላለፊያውን ለኢራቅ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 1975 በአልጀርስ የተደረሰው ስምምነት መስመሩን ታልዌግ ወደሚባለው፣ ማለትም መርከቦች ወደሚሄዱበት ጥልቅ መተላለፊያ አዛወረው። ኢራቅ እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1980 ስምምነቱን መሰረዟን አስታወቀች፤ ከአምስት ቀናት በኋላም እስከ 1988 የዘለቀው ጦርነት ተቀሰቀሰ። ጦርነቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት። ሆኖም የወንዝ ጉዞ ክርክር በሕግ ካልተቋጨ የት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳያል።

ሦስተኛው ከአፍሪካ የቀረበው የቦትስዋናና የናሚቢያ ጉዳይ ነው። ሁለቱ አገሮች በቾቤ ወንዝ ውስጥ ያለችው ካሲኪሊ ወይም ሴዱዱ የምትባል ደሴት የማን እንደሆነች እ.ኤ.አ. በ1996 በጋራ ስምምነት ለዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አቀረቡ። የክርክሩ ምንጭ ብሪታኒያና ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1890 የተፈራረሙት ስምምነት ነበር። የእንግሊዝኛው ቅጂ ድንበሩ የዋናው መተላለፊያ መካከል ነው ሲል፣ የጀርመንኛው ቅጂ ደግሞ የዋናው መተላለፊያ ታልዌግ ነው ይል ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1999 ሁለቱ ቃላት አንድ ሐሳብ እንዲገልጹ የታሰቡ መሆናቸውን ተቀብሎ፣ ዋናው መተላለፊያ በደሴቲቱ ሰሜን ያለው እንደሆነ በመወሰን ደሴቲቱን ለቦትስዋና ሰጥቷል። በተመሳሳይ ጊዜ በደሴቲቱ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት መተላለፊያዎች የሁለቱም አገሮች ዜጎችና ጀልባዎች እኩል እንዲስተናገዱ ወስኗል።

ቤኒንና ኒጀርም በኒጀር ወንዝ ላይ ባሉት 25 ደሴቶች ላይ የነበራቸውን ክርክር ለዚሁ ፍርድ ቤት አቅርበዋል። የፍርድ ቤቱ ችሎት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2005 የዋናውን መተላለፊያ ጥልቅ መስመር መሠረት አድርጎ 16ቱን ለኒጀር፣ 9ኙን ለቤኒን ሰጥቷል።

በቀጥታ የመጓጓዝ መብትን የሚመለከተውና በዝርዝርነቱ ቀዳሚ የሆነው ውሳኔ የኮስታሪካና የኒካራጓ ጉዳይ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የሳን ሁዋን ወንዝ ሙሉ በሙሉ የኒካራጓ ነው። ድንበሩ በወንዙ ታችኛው ክፍል የኮስታሪካን ዳርቻ ተከትሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1858 የተፈረመው ስምምነት ግን ኮስታሪካ ለንግድ ዓላማ በዚያ ክፍል በነፃነት የመጓጓዝ መብት እንዳላት ደንግጓል። ኒካራጓ «ንግድ» ማለት የሸቀጥ ንግድ ብቻ ነው ስትል፣ ኮስታሪካ መንገደኛንና ጎብኚን ማጓጓዝንም ይጨምራል በማለት እ.ኤ.አ. በ2005 ክስ መሠረተች።

ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 2009 በሰጠው ውሳኔ ለረጅም ዘመን እንዲያገለግል በተፈረመ ስምምነት ውስጥ ያለ እንደ «ንግድ» ያለ ጥቅል ቃል በዘመኑ ትርጉም ሊነበብ ይገባል ሲል፣ ጎብኚዎችንና መንገደኞችን በዋጋ ማጓጓዝ በመብቱ ውስጥ እንደሚካተት አረጋገጠ። ኒካራጓ ከኮስታሪካ መንገደኞች ቪዛ መጠየቅ እንደማትችል፣ ለጉዞ ፈቃድ ክፍያ ማስከፈልም እንደማይገባት ወሰነ። በሌላ በኩል የወንዙ ባለቤት እንደመሆኗ ጀልባዎች ለፍተሻ እንዲቆሙ፣ ተሳፋሪዎች የመታወቂያ ሰነድ እንዲይዙና የጉዞ ሰዓት እንዲከበር የማድረግ ሥልጣን እንዳላት አጽንቷል። የኮስታሪካ የፖሊስ ጀልባዎች በሥራ ላይ ሆነው በወንዙ የመሄድ መብት እንደሌላቸውም አስታውቋል።

በዚሁ ውሳኔ በኮስታሪካ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ለዕለት ኑሯቸው የሚያደርጉት ዓሣ ማጥመድ በስምምነቱ ባይጻፍም፣ ለረጅም ጊዜ ያለ ተቃውሞ ሲሠራበት የኖረ በመሆኑ ልማዳዊ መብት ሆኖ ታውቋል። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2015ም በድጋሚ በፍርድ ቤቱ ቀርበው ኒካራጓ የኮስታሪካን የመጓጓዝ መብት መጣሷ፣ ኮስታሪካም በወንዙ ዳር መንገድ ስትሠራ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ባለማድረጓ ግዴታዋን መጣሷ ተወስኗል።

ከመጓጓዝ ወደ ፍትሐዊ አጠቃቀም

የወንዝ ጉዞ ሕግ ለኢትዮጵያ የሚኖረው ጠቀሜታ በባሮ ላይ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በኦደር ጉዳይ ለመርከብ ጉዞ የተነገረው የእኩልነት መርህ ከጊዜ በኋላ ወደ መስኖና ወደ ኃይል ማመንጫ ተሻግሯል። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 1997 በሃንጋሪና በስሎቫኪያ የዳኑብ ግድብ ክርክር ላይ ሲወስን፣ የ1929ኙን ሐሳብ አንስቶ መርሁ ከመጓጓዣ ውጪ ላሉ አጠቃቀሞችም እንደጠነከረ ገልጿል።

በዚያው ዓመት ግንቦት 21 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዓለም አቀፍ የውኃ መስመሮችን ከመጓጓዣ ውጪ ስለመጠቀም የሚደነግገውን ስምምነት አጽድቋል። ኢትዮጵያ በድምፅ አሰጣጡ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት አገሮች አንዷ ነበረች። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ ውሏል። በአንቀጽ 10 ላይ ሌላ ስምምነት ወይም ልማድ ከሌለ በስተቀር ማንኛውም የውኃ አጠቃቀም ከሌላው የተፈጥሮ ቅድሚያ እንደሌለው ደንግጓል። በሌላ አነጋገር በቀደመው ዘመን የመርከብ ጉዞ ከመስኖም ከኃይል ማመንጨትም ይቀድማል የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ ተቀባይነት የለውም።

በአባይ ተፋሰስም ይኸው አቅጣጫ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለፊርማ የተከፈተው የአባይ ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2024 ካጸደቀችው በኋላ ጥቅምት 13 ቀን 2024 ሥራ ላይ ውሏል። የስምምነቱ መሠረት ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ግድቡ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ ለጀልባ ጉዞ የሚሆን ሰፊ የውኃ አካል በመሆኑ፣ ገደል ሆኖ በኖረው የአባይ ሸለቆ ላይ የውኃ ትራንስፖርት ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨባጭ ሆኗል።

በ1894 ዓ.ም ስምምነት አንቀጽ 3 ላይ ያለው ክርክርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንቀጹ ከብሪታኒያና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የውኃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራ የሚል ነው። ኢትዮጵያውያን የሕግ ምሁራን ቃሉ ፍሰቱን ጨርሶ መግታትን እንጂ ውኃውን መጠቀምን አይከለክልም ሲሉ ይከራከራሉ። በቾቤ ወንዝ ጉዳይ እንደታየው በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ስምምነት እያንዳንዱ ቃል ከመቶ ዓመት በኋላም በፍርድ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ለአስተዳደር አካላት የሚኖረው ትምህርት

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 መሠረት የውጭ ግንኙነትና የዓለም አቀፍ ስምምነት ድርድር የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው። የውኃ ላይ ትራንስፖርትን ማስፋፋትና መቆጣጠር፣ እንዲሁም የአገሪቱን ድንበር ተሻጋሪ ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀም መወሰንም ለፌዴራል መንግሥት ተሰጥቷል። በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረትም ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ስለዚህ በድንበር ወንዝ ዳር ያለ የወረዳም ሆነ የክልል ኃላፊ በጀልባ መተላለፊያ ጉዳይ ከጎረቤት አገር አቻው ጋር የሚያደርገው የቃል ስምምነት አገሪቱን ሊያስገድድ አይገባም። በአንጻሩ ሳይመዘገብና ሳይነገር የሚያልፍ ልማድ ነገ በሌላው ወገን መብት ተደርጎ ሊቀርብ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

ከላይ ከተጠቀሱት ጉዳዮች የሚከተሉትን ነጥቦች መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ የወንዙ ባለቤትነትና በወንዙ ላይ የመጓጓዝ መብት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሳን ሁዋን የኒካራጓ ነው፤ ኮስታሪካ ግን ትጓዝበታለች። ድንበር ሲወሰን የመጓጓዝ መብት አብሮ ተወሰነ ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የጊዜ ገደብና የዓላማ ገደብ በስምምነት ውስጥ በግልጽ መስፈር አለባቸው። ጋምቤላን ያስመለሰው የጊዜ ገደቡ ነው። ኮስታሪካን ለፍርድ ቤት ያበቃት ደግሞ «ንግድ» የሚለው ቃል ወሰኑ ሳይገለጽ መቅረቱ ነው።

ሦስተኛ፣ መብቱ የጋራ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በባሮ ላይ እንደታየው አንዱ ወገን መርከብ ሲያስገባ ሌላው በታችኛው ተፋሰስ የመውጣት መብቱን በጽሑፍ ካላስከበረ ጥቅሙ ሚዛኑን ይስታል። ከዚህ የተለየ ምሳሌ ከፈለጉ፣ ማሊ፣ ሞሪታንያና ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ1972 የሴኔጋል ወንዝን ዓለም አቀፍ ወንዝ ብለው በማወጅ መጓጓዝንና ግድብ ግንባታን በአንድ የጋራ ድርጅት ሥር አድርገዋል።

አራተኛ፣ የነዋሪው ሕዝብ ልማድ በሕግ ዋጋ አለው። በሳን ሁዋን የዓሣ አጥማጆች ልማድ መብት ሆኗል። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 2002 በሰጠው ውሳኔ መረብንና ሰቲትን በመሳሰሉት ወንዞች ውስጥ መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ በምልክት ተከላ ወቅት እንዲወሰን አድርጎ፣ የአካባቢው ሕዝብ ወደ ወንዙ የመድረስ ልማዳዊ መብት ከግምት እንዲገባ አሳስቧል። በዚህ ረገድ ሕዝቡ ከብት የሚያጠጣበትን፣ ዓሣ የሚያጠምድበትንና በታንኳ የሚሻገርበትን ቦታና ዘመን መዝግቦ መያዝ የቀበሌና የወረዳ አስተዳደሮች ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ ክርክር ሲነሳ የመፍትሔው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 33 ድርድርን፣ ሽምግልናን፣ ግልግልንና የፍርድ ቤት ውሳኔን ይዘረዝራል። ወደ ሄግ የሚኬደው ሁለቱም ወገኖች በአንድ ወይም በሌላ መንገድ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ሲቀበሉ ብቻ ነው። ቦትስዋናና ናሚቢያ፣ ቤኒንና ኒጀር ጉዳያቸውን ተስማምተው በማቅረባቸው ደሴቶቻቸውን ያለ ደም መፋሰስ ለይተዋል።

ባሮ ዛሬም በየክረምቱ ይሞላል። ኢትዮጵያ የባሕር በር አማራጮቿን ለማስፋት በምታደርገው ጥረት የባሮ፣ የሶባትና የነጭ አባይ መስመር ለወደፊቱ ከሚታሰቡት የትራንስፖርት አማራጮች አንዱ መሆኑ አይቀርም። ግብፅም ከቪክቶሪያ ሐይቅ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር የሚዘረጋ የወንዝ ትራንስፖርት መስመር ሐሳብ ለተፋሰሱ አገሮች ማቅረቧ ይታወቃል። እንዲህ ያሉ ሐሳቦች ወደ ድርድር ጠረጴዛ ሲመጡ ከ1894 ዓ.ም ስምምነት የጎደለው፣ ይኸውም በወንዙ ሙሉ ርዝመት ላይ ለሁሉም የተፋሰስ አገሮች እኩል የሆነ የመጓጓዝ መብት፣ በግልጽ ቃል፣ በሁለቱም ወገን ቋንቋ ተመሳሳይ ሆኖ መጻፍ ይኖርበታል።